«ቁንጫማ የለበትም»

«ቁንጫማ የለበትም፤ ፈልጌ አጥቻለሁ።» የወገቡ ፀጉር ረግፎ ቆዳው የቀላ ውሻ ያለው ሰው ደጋግሞ የሚለው ይህንን ነው። አልዋሸም። በቁንጫ አለርጂ የሚሠቃይ እንስሳ ሌት ተቀን ራሱን ሲልስና ሲነክስ ስለሚውል ቁንጫዎቹን እሱው ይለቅማቸዋል። ድመትማ ትብሳለች፤ ምላሷ ሞረድ ነው፣ የለቀመችውንም ትውጠዋለች። ለባለቤቷ የሚታየው ቁስሉ ብቻ ነው።

ጣጣው ያለው ከቁንጫው ብዛት ይልቅ ምራቁ ላይ ነው። ቁንጫ ሲነክስ በምራቁ ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች ቆዳ ውስጥ ይገባሉ፤ ከእነሱ ጋር የማይስማማ እንስሳ በጥቂት ንክሻ ብቻ ለቀናት ሲያክ ይሰነብታል። ቁንጫ ወርሮት ደንታ የማይሰጠው ውሻም አለ። በአንድ ግቢ ካሉ ሁለት ውሾች አንዱ ብቻ ሲታመም «ቁንጫ ቢሆን ሁለቱም ባከኩ ነበር» የሚባለው ስህተት የሚመጣው ከዚህ ነው።

ቦታው ብዙ ይናገራል። ውሻ ላይ ከወገብ ወደ ኋላ፣ የጅራት ሥር፣ የኋላ ጭንና ሆድ ነው። የጆሮ ጠርዝና ክርን ላይ ከበረታ ግን እውነተኛውን እከክ፣ ማለትም ቆዳ የሚቆፍር ጥቃቅን ተባይ የሚያመጣውን በሽታ፣ መጠርጠር ይሻላል። ድመት ላይ አንገቷንና ጀርባዋን በጣት ሲዳስሱ ዳጉሳ የተበተነበት የሚመስል ጥቃቅን ቅርፊት ይገኛል፤ አንዳንዷ ደግሞ ቁስል ሳይኖራት ሆዷን ልሳ ልሳ ትመልጠዋለች።

ለመፈተሽ ጥርሱ የተቀራረበ ማበጠሪያ ይበቃል። የጅራቱን ሥር አበጥሮ የወጣውን ጥቁር ብናኝ በእርጥብ ነጭ ሶፍት ላይ ማራገፍ ነው። ዙሪያው ቀይ ቡናማ ሆኖ ከፈሰሰ የቁንጫ ኩስ ነው፣ ማለትም የተፈጨ ደም። ካልቀላ አፈር ነው። ምንም አለመገኘቱ ግን፣ በተለይ ድመት ላይ፣ ቁንጫን ነፃ አያወጣውም።

አሁን ወደ ወለሉ። ሰው መድኃኒቱን ውሻው ላይ አፍስሶ ቤቱን የሚረሳበት ምክንያት ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ በአንድ ቤት ካለው የቁንጫ ዘር እንስሳው ላይ ያለው ጎልማሳ ወደ 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነውና። ሴቷ በቀን ከ40 እስከ 50 እንቁላል ልትጥል ትችላለች። እንቁላሉ ፀጉር ላይ አይጣበቅም፤ እንስሳው በተኛበት ሁሉ ይረግፋል። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል መሰል እጩ ብርሃን ሸሽቶ ምንጣፍ ሥር፣ ጣውላ ስንጥቅና የአፈር ወለል ውስጥ ይገባል፤ ምግቡ ያው ከላይ የሚወርደው የደም ኩስ ነው። ከዚያ ድር ፈትሎ ራሱን ይጠቀልላል፣ አቧራ ይለጠፍበታል፣ የሚረጨው መድኃኒት እምብዛም አይደርስበትም። እዚያው ውስጥ ሆኖ ወራት መጠበቅ ይችላል። የእግር ንዝረት፣ ሙቀትና ትንፋሽ ሲሰማው ይወጣል። ተዘግቶ የከረመ ቤት ሲከፈት እግር ላይ የሚረባረበው እሱ ነው። መድኃኒት ከተደረገ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት አዲስ ቁንጫ ታይቶ «አልሠራም» የሚባለውም በእሱ ምክንያት ነው።

ስለዚህ በግቢው ያለ ውሻና ድመት ሁሉ፣ ጤነኛውም ጭምር፣ በተመሳሳይ ቀን መድኃኒት ይደረግለታል፤ ሳያቋርጡም ቢያንስ 3 ወር ይቀጥላል። የሚንጠባጠበው መድኃኒት ፀጉሩ ተከፍሎ ቆዳው ላይ፣ ምላሱ የማይደርስበት የማጅራት ሥር ይፈሳል፤ ፀጉር ላይ ከቀረ ባከነ። መድኃኒቱ ፊፕሮኒል የሚባለው ከሆነ ከመደረጉ 2 ቀን በፊትና 2 ቀን በኋላ አይታጠብም። መኝታው በ60 ዲግሪ ውኃ ይታጠባል። ምንጣፉ በቫኪዩም ይጠረጋል፤ ንዝረቱ የተጠቀለሉትን ስለሚያስወጣ ይጠቅማል፣ ቆሻሻው ግን ወዲያው ከቤት ይውጣ። ወለሉ አፈር ከሆነ የተኛበትን ጆንያና ጭድ አውጥቶ ማቃጠል፣ ቦታውን ጠርጎ ፀሐይ እንዲያገኘው ማድረግ ነው፤ እጩ ድርቀት አይችልም።

ፕሬድኒሶሎን የሚባለው የአለርጂ ማብረጃ መድኃኒት ማሳከኩን ቶሎ ያስታግሳል። ንክሻውን ግን አያቆምም፤ ቁንጫው ሳይጠፋ እሱን ብቻ መስጠት ሕመሙን መሸፈን ነው።

አንድ ነገር በኃይል ልበል። የውሻ መድኃኒት ለድመት አይሆንም። በአንዳንድ የውሻ መድኃኒት ውስጥ ያለውን ፐርሜትሪን የሚባል ፀረ ተባይ የድመት ጉበት በቅጡ ሊያስወግደው ስለማይችል ያንቀጠቅጣታል፣ ይጥላታል፣ ሊገድላትም ይችላል። ለከብት መዥገር የሚረጨው ዳያዚኖንም እንደዚሁ መርዝ ነው፤ ነጭ ጋዝ መቀባትም ያው፣ ስትልሰው ትመረዛለች። በስህተት ፐርሜትሪን ከነካት ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጥቦ ሳይዘገዩ ወደ እንስሳት ሐኪም መሮጥ ነው።

ፊንጢጣው አካባቢ የደረቀ ሩዝ የሚመስል ነገር ከታየም መነሻው እዚሁ ነው፤ ቁንጫውን ሲውጥ የሚገባ የኮሶ ዓይነት ትል ነው። ከጥሬ ሥጋ የሚመጣው የሰው ኮሶ ግን አይደለም። ፕራዚኳንቴል የሚባለው የትል መድኃኒት ያወጣዋል፣ ቁንጫው እስካለ ድረስ ግን ተመልሶ ይገባል።