አንድ ጣሳ ውሃና አራት ካርቶን

ደሴ ውስጥ በሴራሚክ ንጣፍ ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት ብዙ ደንበኛ አጋጥሞኛል፤ እስከ ዛሬ ብቻዬን የሚያስቀኝ ግን ከጦሳ ሥር ያለው ያ ሳሎን ነው። የቤቱ ባለቤት በዕድሜ የገፉ እናት ሲሆኑ፣ ገንዘቡን የሚልከው ዐረብ አገር የሚኖረው ልጃቸው ነበር። ከገንዘቡም ጋር የአንድ ሳሎን ፎቶግራፍ ልኮልኝ ነበር፤ ወለሉ ነጭ፣ ግራጫ ሥር የሚታይበት፣ እብነ በረድ የሚመስልና እንደ መስታወት የተወለወለ 60 በ60 ሴንቲ ሜትር ፖርሲሊን፣ ማለትም ጠንካራ የሴራሚክ ዓይነት፣ ነው። እኔም ወደድኩት። ክረምቱን ሙሉ ጉም የሚጋርደው የደሴ ቤት ብርሃን የሚመልስ ወለል ያስፈልገዋል የሚል እምነት ነበረኝ፤ አሁንም አለኝ።

ናሙናውን ይዤ የሄድኩት ማብራሪያዬን አዘጋጅቼ ነው። እውነተኛው እብነ በረድ ከኖራ ድንጋይ የሚገኝ በመሆኑ የሎሚ ጭማቂ እንኳ ገጹን እንደሚበላው፣ ፖርሲሊን ግን ውሃ የመምጠጥ መጠኑ ከ0.5 በመቶ እንደማይበልጥ በዝርዝር አስረዳሁ። እማማ በትዕግሥት ሰሙኝና፣ «ውሃ አይጠጣም ነው የምትለኝ?» አሉ።

«አንድ ጠብታ አይገባበትም፣ እማማ።»

«እንግዲያው የፈሰሰው ውሃ የት ይሄዳል?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። እማማ አንድ ጣሳ ውሃ አስመጥተው ናሙናው ላይ አፈሰሱና ጫማዬን አውልቄ እንድቆምበት አዘዙኝ። አንዱን እግሬን በካልሲ አሳርፌ ሁለተኛውን ከማንሣቴ ተንሸራትቼ የበሩን መቃን ያዝኩ። «እኔ በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ አድርጌ በእርጥብ እግሬ የማልፈው በዚህ ላይ ነው፤ አንተ ጎረምሳው በር ይዘህ ተረፍክ፣ እኔ ምን ልይዝ ነው? ደግሞስ ልጄ በላከው ፎቶ ላይ ሰው አለበት እንዴ?» አሉኝ። ስልኬን አውጥቼ አየሁ፤ ሰው አልነበረበትም።

አብሮኝ ይሠራ የነበረ መሐንዲስ «ደንበኛ ምን ያውቃል፣ በፎቶው መሠረት ሥራ» እያለ ሲመክረኝ ከርሞ ነበር፤ ውሃው በፈሰሰበት ቀን ግን ስብሰባ ነበረው። ከዚያ ወዲህ ለማንኛውም ደንበኛ ናሙና ሳሳይ ጣሳ ውሃ አስመጣለሁ፤ ዘዴው የማን እንደሆነ ግን አልናገርም።

በመጨረሻ የተስማማነው ገጹ ሻከር ባለ፣ ፈዛዛ ቡናማ ማት፣ ማለትም የማያብለጨልጭ ንጣፍ፣ ላይ ነው። ሳሎኑ 5 በ6 ሜትር ስለሆነ ለ30 ካሬው የመቁረጫና የስባሪ 10 በመቶ ጨምሬ፣ አንዱ ካርቶን 4 ፍሬ ወይም 1.44 ካሬ ስለሚይዝ፣ ከኮምቦልቻ 23 ካርቶን አዘዝኩ። ጭነቱ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወጥቶ አንድም ሳይሰበር በመድረሱ ተደስቼ፣ የካርቶኖቹን የባች ቁጥር፣ ማለትም በአንድ ዙር አብረው የተመረቱትን የሚለየውን ቁጥር፣ ሳላነብ ሥራ አስጀመርኩ። 19ኙ ካርቶን ካለቀ በኋላ የቀሩት አራቱ ከሌላ ባች የመጡ፣ ቀለማቸውም ጠቆር ያለ መሆኑ ታየኝ። ሻጩ ዘንድ ብደውል፣ «ያው ነው፣ ሲደርቅ ይመሳሰላል» አለኝ። በእቶን ተጠብሶ የወጣ ሴራሚክ ከዚያ ወዲያ ምኑ እንደሚደርቅ እስካሁን አልገባኝም።

የጎደለኝ 8 ፍሬ ብቻ ስለነበር፣ ሶፋ ይሸፍነዋል ብዬ ባሰብኩት የውስጠኛው ጥግ ላይ ጠቆር ያሉትን አስነጠፍኩና ሒሳቤን ተቀብዬ ዝም አልኩ።

ከወራት በኋላ እማማ ቡና ጠሩኝ። ሳሎን ስገባ ያ ሁሉ ሙግት የተደረገበት ማት ወለል ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በወፍራም ምንጣፍ ተሸፍኗል፤ የደሴ ብርድ ነውና አልፈረድኩባቸውም። ሳይሸፈን የቀረው ያ ጥግ ብቻ ነበር። ረከቦቱና የከሰል ማንደጃው ጠቆር ባሉት 8 ፍሬዎች ላይ ተቀምጠዋል።

«ምንጣፉን ፍም እንዳያቃጥልብኝ ብለህ ለቡና ቀለሙን ለይተህ ያበጀህልኝ ቦታ ይኸው» አሉ እማማ ለጎረቤቶቻቸው እያሳዩኝ። «ይህን እንኳን ልጄም አላሰበው።»

ቶናውን ተቀብዬ፣ «አስቤበት ነው፣ እማማ» አልኳቸው።