ካውያዬ እንቅልፍ ያጣበት ምክንያት

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ውስጥ ትንሽ የጥገና ክፍል አለችኝ። ሬዲዮ፣ ሞባይል፣ የሶላር መብራት፣ የመጣልኝን ሁሉ እሠራለሁ። ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ጣቴ ደንዝዞ ብሎን መያዝ ያቅተኛል። ስገባ መጀመሪያ የማደርገው የመበየጃ ካውያውን መሰካት ነው።

የድሮው ካውያዬ አንዴ ከተሰካ እስከ ማታ እንደጋለ ይውላል። አሁን ያለኝ ስቴሽን (ሙቀቱን ራሱ የሚቆጣጠር ካውያ) ግን ካልነኩት ራሱ ወደ 200 ዲግሪ ይወርዳል። ብዙ ከቆየ ጭራሽ ይጠፋል። እጀታው ውስጥ እንቅስቃሴ የሚለይ ትንሽ ነገር አለ። እጀታው ከተነቃነቀ ነቅቶ ይጠብቃል፣ ካልተነቃነቀ ደቂቃ ይቆጥራል።

መጀመሪያ ላይ አልወደድኩትም። አንድ ቀን የሞባይል ቻርጅ መሰኪያ እየበየድኩ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ትንፋሽም ይያዛል። እጄ ድርቅ ብሏል። የእንቅልፍ ሰዓቱ 1 ደቂቃ ላይ ስለነበር ካውያው የተውኩት መስሎት ተኛ። የሞባይል ቦርድ ላይ ያለው እርሳስ የሌለው ሊድ (ቀልጦ የሚበየድበት ብረት) ደግሞ የሚቀልጠው 217 ዲግሪ አካባቢ ነው። 200 ላይ ረግቶ ጫፉን ያዘው። ሳነሳው የቦርዱ መዳብ አብሮ ተላጠ። የሰው ስልክ ነው፤ ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ተናድጄ እንቅልፉን ከነጭራሹ አጠፋሁት። ቀኑን ሙሉ 350 ላይ ሲውል ጫፉ ጠቆረ። ሊድ ሳስጠጋው አይቀበልም፤ ድብልብል ብሎ ተንከባሎ ይወድቃል። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት፣ ባሰበት። ላዩ ስስ የብረት ልባስ ነው፣ ውስጡ መዳብ ነው። ልባሱ ከተፋቀ መዳቡን ሊዱ ራሱ ይበላዋል። እባካችሁ፣ ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት አትንኩ። በነሐስ ሽቦ ጥረጉት፣ ከማስቀመጣችሁ በፊት ሊድ አልብሱት።

አዲስ ጫፍ ገዝቼ እንቅልፉን መለስኩ፤ 5 ደቂቃ ላይ አደረግኩት። የእኔ ዓይነቱ ላይ ጫፉ፣ ማሞቂያውና ሙቀት ለኪው አንድ ላይ ስለተሠሩ፣ ከ200 ወደ 350 ለመመለስ ጥቂት ሰከንድ ይበቃዋል። ሊድ እስክቆርጥ ግሎ ይጠብቀኛል።

ግን አልተኛም አለ። ማስቀመጫው ላይ ግማሽ ሰዓት ትቼው ስመለስ 350! ተበላሽቷል ብዬ ልፈታው ስል ረዳቴ፣ «ጋሼ፣ ወፍጮው ሲቆም እኮ ይተኛል» አለኝ። እውነቱን ነው። ጎረቤቴ ወፍጮ ቤት ነው። ጠረጴዛዬ ግድግዳውን ተደግፏል፤ ወፍጮው ሲነሳ ውሃ የያዘ ብርጭቆ ላዩ ይንቀጠቀጣል። ካውያው እጅ ላይ ያለ ይመስለዋል።

ጠረጴዛውን አንድ ጣት ያህል ከግድግዳው አራቅነው። እናቴ ጋ ያረጀ የመንዝ ባና ነበር። ከእሱ ቆርጬ አራት ጊዜ አጥፌ ከማስቀመጫው ሥር አደረግኩት፤ የጋለው ጫፍ አይደርስበትም። ይኸው አሁን ይህን ስጽፍ ወፍጮው የሰው ጤፍ ይፈጫል፣ ካውያው 200 ላይ ነው።