ሽማግሌ ፊት የተሰጠ ክስ

ሜሪላንድ ፍርድ ቤት በአማርኛ አስተርጓሚነት ነው የምሠራው። ስምና ካውንቲ ሳልጠራ አንዱን የፍቺ ጉዳይ ላጫውታችሁ።

ሴትየዋ እዚሁ ሜሪላንድ ትኖራለች፣ ባልየው ከተለያዩ በኋላ ቨርጂኒያ ገብቷል። ስንት ዓመት ሳትፋታ የቆየችው "እኔ ካልፈረምኩ የትም አትሄጂም" ስላላት ነው። ይሄ አልፈርምም የሚባል ነገር ስንቱን እንዳሰረ! አገር ቤት ራሱ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንዱ ወገን ብቻውን ፍቺ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል እኮ። ሜሪላንድ ደግሞ ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ ጥፋተኛው ማነው የሚለውን ጣጣ ጭራሽ አንስቶታል፣ ወይ ስድስት ወር ተለያይቶ መኖር፣ ወይ ሊታረቅ የማይችል አለመግባባት፣ ወይ የሁለቱ ስምምነት፣ አንዱ ይበቃል። (ጓደኛ የነገራችሁን ግን እንዳለ አትውሰዱ፣ ሕጉ በየቦታው ይለያያል፣ ዲሲ ከ2024 ወዲህ የመለያየት ጊዜ አይጠይቅም፣ ቨርጂኒያ ግን ያለ ጥፋት ለሚፋታ አንድ ዓመት ይፈልጋል፣ ትንሽ ልጅ ከሌለና የጽሑፍ ስምምነት ካለ ነው ስድስት ወር የሚሆነው።)

እና ፊርማው አያስፈልግም፣ ክሱ በደንቡ ይድረሰው ነው የሚባለው። የሷ ጉዳይ የተበላሸውም እዚችው ጋ ነው።

ዳኛዋ ፋይሉን ገለጥ ገለጥ አድርጋ "ወረቀቱን ማን ሰጠው?" አለች።

"እኔ ራሴ! ሦስት ሽማግሌ ፊት፣ እጁ ላይ!" ኩራቷን ብታዩት። አስተርጓሚ ደግሞ "እሷ እንዲህ አለች" አይልም፣ እኔም በሷ ቦታ "እኔ ራሴ ሰጠሁት" ብዬ ተረጎምኩት። ዳኛዋ ይሄ አይቆጠርም አለች፣ ከሳሽ የራሱን ክስ ማድረስ አይችልም።

ሴትየዋ ደንግጣ ወደኔ ዞረችና "ወንድሜ፣ ምን ልበላት?" አትለኝም! ምክር መስጠት ክልክል ነው፣ ዝም ማለትም አይቻልም ምክንያቱም እዚያ ክፍል ውስጥ የተባለ ሁሉ ይተረጎማል፣ በቃ ጥያቄዋን እንዳለ በእንግሊዝኛ ለዳኛዋ አቀረብኩላት፣ ዳኛዋም ሳቋን መያዝ አቃታት።

ከዚያ በትዕግስት አስረዳቻት። ሸሪፍ (የካውንቲው ሕግ አስከባሪ) ሊያደርስ ይችላል፣ በሰርቲፋይድ ሜይል (ተቀባዩ ፈርሞ በሚወስደው ፖስታ) ይላካል፣ ወይም 18 ዓመት የሞላው የጉዳዩ ባለቤት ያልሆነ ሰው ሰጥቶ ማድረሱን በፎርም ፈርሞ ያረጋግጣል። መጥሪያው ደግሞ በ60 ቀን ውስጥ ካልደረሰ ስለማይሠራ አዲስ እንዲወጣላት በጽሑፍ መጠየቅ አለባት። ሰውየው ሌላ ስቴት ስላለ ከደረሰው በኋላ መልስ ለመስጠት 60 ቀን አለው (ሜሪላንድ ውስጥ ቢሆን 30፣ ከአሜሪካ ውጪ 90)፣ ያኔ ዝም ካለ ዲፎልት (መልስ አልሰጠም የሚል ትእዛዝ) ተጠይቆበት ጉዳዩ ያለሱ ይቀጥላል። ፎርሙን እዚያው ሕንጻ ውስጥ ያለው ሄልፕ ሴንተር (ባለጉዳዮችን የሚረዳው ቢሮ) በነፃ ያሳይሻል ብላ ሸኘቻት።

ለካ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተቀብሎ ቢሰጠው ኖሮ ያልቅ ነበር! ኮሪደር ላይ ስንወጣ አንደኛው ሸኝተዋት መጥተው ቁጭ ብለዋል። ሮጣ ሄዳ "ጋሼ፣ እርስዎ ይስጡልኝ" ብትላቸው ባርኔጣቸውን አንስተው ተነሡ፣

"እኔ ላስታርቅ ገብቼ የፍቺ ፖስተኛ ልሁን? ኧረ ልጄ ተይኝ!"

ከፍላ ሰው ቀጠረች መሰለኝ፣ ቀጣዩን ቀጠሮ ሌላ አስተርጓሚ ነው የያዘው።