የጣናን ነፋስ ከውሃው ላይ ማየት

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በጀልባ የሚሄድ ሰው ልቡ ገዳማቱ ጋ ነው። ስለ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሥዕሎችና ስለ ቡናው ጫካ ብዙ ተጽፏል። እኔን በዚህ ጉዞ የያዘኝ ግን ውሃው ነው።

ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ስንነሳ ሐይቁ ረግቶ ነበር። ትንሽ እንደሄድን ቦታ ቦታ ላይ መሸብሸብ ጀመረ። የተሸበሸበው ጠቆር ይላል፤ ያልተነካው ሰማዩን መልሶ ያበራል። «ነፋሱ ያለው ጥቁሩ ጋ ነው» አለን ጀልባ ነጂው። ወጣት ነው፣ ግን ዓይኑ ከውሃው ላይ አይነሳም።

ይህን የመሰለ ዕውቀት በደረጃ ያስቀመጠው ፍራንሲስ ቦፎርት የተባለ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1805። እሱ የለካው በመርከብ ሸራ ነበር፤ የውሃው መልክ የተጨመረው በኋላ ነው። ከ0 ይጀምራል። 3 ላይ ነጭ አረፋ እዚህም እዚያም ብቅ ይላል፤ ነፋሱ በሰዓት ከ12 እስከ 19 ኪሎ ሜትር ነው። አረፋው ሲበረክት 4 ነው፤ እስከ 28 ኪሎ ሜትር። ሐይቁ በነጭ ሲሞላ 5 ደርሷል።

ልኬቱ የተሠራው ለባሕር ነው። ጣና ደግሞ ሰፊ ሆኖ ሳለ ጥልቀቱ ትንሽ ነው፤ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ማዕበሉ አጭር፣ ቀጥ ያለና ተከታታይ ይሆናል። ትንሽ ጀልባ አንዱን ሳትጨርስ ሌላው ይመታታል። በእኔ እምነት ጣና ላይ 4 ቁጥርን መናቅ አይገባም።

ከሰዓት በኋላ የብሱ ከውሃው ይበልጥ ይግላል። የሞቀው አየር ሲነሳ ከሐይቁ ቀዝቀዝ ያለው ይተካዋል። ከዘጌ ልንመለስ ስንል 9 ሰዓት ሆኖ ነበር። ዛፎቹ ነፋሱን ስለጋረዱት እግራችን ሥር ያለው ውሃ ጸጥ ብሏል። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው!

«እዚህ ሳይሆን ወዲያ ይመልከቱ» አለኝ ነጂው። አየሁ። ውሃውና ሰማዩ የሚገናኙበት መስመር እንደ መጋዝ ጥርስ ተቆራርጧል። እዚያ ድረስ የሚታይ ከሆነ ማዕበሉ ትልቅ ነው ማለት ነው። የደንገል ታንኳዎቹም ዳር ይዘዋል። እምቦጭ ያለበትን አካባቢ ግን በዚህ ዘዴ መለካት አይቻልም፤ አረሙ ሞገዱን ስለሚያፍነው ነፋስ እያለም ውሃው የተኛ ይመስላል።

ተንሳፋፊ ጃኬታችንን አጥብቀን አሰርን። ነጂው መሃሉን ትቶ ዳር ዳሩን ወሰደን። መንገዱ ረዘመ፣ ልብሳችንም ረጠበ፤ ማንም ግን አላጉረመረመም። ባሕር ዳር ስንደርስ ወጣቶች ክብራን ገብርኤል አድርሰን ብለው ጠበቁት። ዞር ብሎ ሐይቁን አየና «ነገ ጠዋት ኑ» አላቸው።