እዝዝዝ የሚለው ድምፅና በከንቱ የገዛሁት ዳክ

ስፒከሮቼ ለወራት እዝዝዝ ይሉ ነበር። ዘፈን ሲጫወት አይሰማም። ዘፈኑ ሲያልቅ ግን፣ በተለይ ማታ ቤቱ ጭር ሲል፣ ጠረጴዛዬ ላይ የንብ ቀፎ ያስቀመጥኩ ነበር የሚመስለው። ጥፋቱን ሁሉ በላፕቶፑ ላይ ደፈደፍኩት። የውስጥ ድምፅ ካርዱ ርካሽ ነው፣ ከእሱ ምን ይጠበቃል፣ ዳክ ያስፈልገኛል አልኩ። ዳክ ማለት ኮምፒውተሩ በቁጥር የያዘውን ድምፅ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚቀይር ዕቃ ነው። ላፕቶፑም ስልካችሁም ውስጥ አንድ አንድ አለ፤ እኔ የፈለግኩት ለብቻው በሳጥን የሚመጣውን ነው።

ገዛሁ። ሰካሁ። እዝዝዝ።

ሁለት ሳምንት አኮረፍኩ። ከዚያ አንድ ማታ ስነሳ የቻርጀሩ ገመድ እግሬን ጠለፈኝና ከሶኬቱ ተነቀለ። ጸጥ። መልሼ ሰካሁት፤ እዝዝዝ። ነቀልኩት፤ ጸጥ። እንደ ሕፃን አራት አምስት ጊዜ ተጫወትኩበት። ለካ ላፕቶፑ በቻርጀሩ በኩል፣ አምፕሊፋየሩ (ለስፒከሮቹ ድምፁን የሚያጎላው ዕቃ) ደግሞ በራሱ መሰኪያ በኩል፣ ሁለቱም ከኧርዝ (ከመሬት ጋር ከሚያገናኘው ገመድ) ጋር ተገናኝተዋል፤ በተለያየ ሶኬት ነው የተሰኩት፤ መሃል ላይ ደግሞ የድምፅ ገመዱ ያገናኛቸዋል። ቀለበት ተፈጠረ ማለት ነው። በዚያ ቀለበት ላይ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይዞራል፣ ስፒከሩም የመብራቱን 50 ወይም 60 ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ ያን ያህል ጊዜ የሚመላለስ ንዝረት፣ እና ብዜቶቹን ያሰማናል። ዳኩ ኃይሉን የሚያገኘው ከዚያው ከላፕቶፑ በዩኤስቢ ስለሆነ ቀለበቱን አልቆረጠውም፤ አንድ ዕቃ ጨመረበት እንጂ።

መፍትሔው ሁለቱንም አንድ ኤክስቴንሽን ላይ መሰካት ነበር። በቃ። አሁን ጆሮዬን ስፒከሩ ላይ ካልለጠፍኩ አይሰማኝም። በዚህ ያልጠፋላችሁ ደግሞ፣ ኮምፒውተራችሁም ዳኩም ኦፕቲካል መሰኪያ ካላቸው በእሱ ብቻ አገናኟቸው፤ በውስጡ የሚያልፈው ብርሃን ስለሆነ ኤሌክትሪክ የሚሻገርበት መንገድ የለም። አንድ ነገር ግን እባካችሁ አታድርጉ፦ የኧርዙን ጥርስ ቆርጣችሁ እንዳትሰኩ። ድምፁ ይጠፋል፣ ግን ያ ጥርስ የተቀመጠው የእናንተን ሕይወት ለማትረፍ ነው።

ከዚያ ወዲህ ዕቃ ከመግዛቴ በፊት ራሴን የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው፦ የምሰማው ጥፋት ምንድን ነው? «የተሻለ ድምፅ እፈልጋለሁ» መልስ አይደለም። «ማውሱን ሳንቀሳቅስ ሄድፎኔ ውስጥ ጭርጭር ይላል» መልስ ነው፤ እንዲያ ከሆነ ከኮምፒውተሩ ሆድ ውጭ ያለ ዳክ በእርግጥ ይጠቅማል፣ የውስጡ ካርድ የጎረቤቶቹን ኤሌክትሪክ እየለቀመ ነውና። ያም ቢሆን ትልቁን ሳጥን አልመክርም። ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ የጣት ያህል አስማሚ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ለምን ይበቃል? ሲዲ በ1982 ሲወጣ የተወሰነለት ልክ በሰከንድ 44,100 ናሙና (የሞገዱ ልኬት)፣ እያንዳንዱ በ16 ቢት (16 የዜሮና የአንድ አሃዝ) ነው። የሰው ጆሮ ቢበዛ እስከ 20,000 ሄርዝ ይሰማል፣ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ከላይ በኩል እየተቆረጠ ይሄዳል። አንድን ድምፅ ሳይጎድል ለመያዝ ከከፍተኛ ድግግሞሹ እጥፍ በላይ ናሙና ይበቃል፤ ይህን ክሎድ ሻነን በ1949 ባሳተመው ጽሑፍ በሒሳብ አስቀምጦታል። 16 ቢት ደግሞ በዝግታውና በጩኸቱ መካከል 96 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ያህል ስፋት ይሰጣል። ክፍላችሁ ውስጥ የፍሪጁ፣ የመንገዱና የራሱ የኮምፒውተሩ ፋን ድምፅ እያለ ያንን ሁሉ ስፋት የምትጠቀሙበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል።

አላምንም የምትሉ አላችሁ፤ እኔም አላመንኩም ነበር። ፉባር 2000 ለሚባለው ማጫወቻ ኤቢኤክስ የተባለ ተጨማሪ አለ፤ ሁለት ፋይል ትሰጡታላችሁ፣ እሱ ስማቸውን ደብቆ ያሰማችኋል፣ እናንተ የትኛው የትኛው እንደሆነ ትገምታላችሁ። ፍላክን፣ ማለትም ምንም ሳይጎድልበት የታመቀ የድምፅ ፋይልን፣ ከፊሉ ከተጣለበት 320 ኪሎቢት ኤምፒ ሦስት ጋር አወዳደርኩ። ከ16 ሙከራ 9 አገኘሁ። ሳንቲም ብወረውርም ያው ነበር። ፍላኩን ግን አልጣልኩትም፤ ዋናው ቅጂ ሳይጎድል ይቀመጣል፣ ነገ ወደ ፈለግኩት ዓይነት እቀይረዋለሁ። ያ የማስቀመጥ ጉዳይ ነው፣ የመስማት አይደለም። ሁለት ዕቃ ስታወዳድሩ ደግሞ ድምፃቸውን እኩል አድርጉ፤ ትንሽ ከፍ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል፣ በዚህ ተታልሎ ያልገዛ የለም።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ስፒከርና ክፍል። ኤሌክትሪኩ አየር የሚሆነው እዚህ ነው፣ ትልቁ ስህተትም የሚፈጠረው እዚሁ ነው። ፍሎይድ ቱል የተባለ ተመራማሪ በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት፣ በኋላም በሃርማን ኩባንያ፣ ሰዎች ስፒከሩን ሳያዩ እንዲመርጡ እያደረገ ለዓመታት አጥንቷል። አብዛኛው አድማጭ የመረጠው ከታች እስከ ላይ ሳያጋንንና ሳያጎድል የሚያወጣውን ነው። ስለዚህ ገንዘብ ካላችሁ ስፒከር ላይ አውጡት። ለጠረጴዛ ከሆነ አምፕሊፋየሩ ውስጡ ያለውን ስቱዲዮ ሞኒተር የሚባለውን ስፒከር እመርጣለሁ፤ አንድ ዕቃ ይቀንስላችኋል፣ የገመድ ጫካውም ይሳሳል።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን ያላችሁን አንቀሳቅሱት። የእኔዎቹ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተው ግድግዳ ተደግፈው ነበር። ዘፋኙ የሚዘፍነው ከሆዴ አካባቢ ይመስለኝ ነበር፣ ባሱ (ወፍራሙ ድምፅ) ደግሞ አንዳንድ ኖታ ላይ ሲደርስ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብርጭቆ ያንቀጠቅጠዋል፣ ሌላው ኖታ ላይ ምንም የለም። መጀመሪያ ከሥራቸው ሁለት ሁለት ወፍራም መዝገበ ቃላት አደረግኩ። ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው የስፒከሩ ክፍል) ከጆሮዬ እኩል ሆነ። በሁለቱ መካከል ያለውንና ከእነሱ እስከ ራሴ ያለውን ርቀት እኩል አደረግኩት። ዓይኔን ጨፍኜ ያንኑ ዘፈን ከፈትኩ፤ ዘፋኙ ከሆዴ ተነስቶ ፊት ለፊቴ ቆመ። ወጪ፦ ዜሮ።

ባሱ እንዲህ በቀላሉ አልተገራም። መለኪያ ማይክ ገዛሁ፤ እስካሁን ከገዛሁት ሁሉ ያልቆጨኝ እሱ ነው። ሩም ኢኪው ዊዛርድ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ፉጨት በስፒከሩ ይለቃል፣ ማይኩ ይሰማዋል፣ ስክሪኑ ላይ መስመር ይሠራል። የእኔ መስመር 43 ሄርዝ ላይ ተራራ ነበረው። ካልኩሌተር አወጣሁ፤ የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ 343 ሜትር ነው፣ የክፍሌ ርዝመት 4 ሜትር፣ 343ን ለርዝመቱ እጥፍ ስታካፍሉት 43 ይመጣል። ብርጭቆዬን ሲያንቀጠቅጥ የኖረው ክፍሉ ራሱ ነው! ይህን የትኛውም ዳክ፣ የትኛውም ገመድ አይነካውም። ስፒከሮቹን ከግድግዳው ትንሽ አራቅኳቸው፣ ከዚያ ኢኳላይዘር ኤፒኦ በሚባል ነፃ ፕሮግራም 43 ሄርዝ ላይ 6 ዴሲቤል ቀነስኩ። ተራራውን ቁረጡ እንጂ ጉድጓዱን ለመሙላት አትታገሉ፤ 10 ዴሲቤል መጨመር ከአምፕሊፋየሩ አሥር እጥፍ ኃይል መጠየቅ ነው፣ ጉድጓዱም አይሞላም።

በነገራችን ላይ ከ50 ዋት ወደ 100 ዋት አምፕሊፋየር ልቀይር ለምትሉ፣ ልዩነቱ 3 ዴሲቤል ነው። ይሰማል፣ ግን ትንሽ ነው። ውድ የዩኤስቢ ገመድ? ቁጥሩ በትክክል ከደረሰ ደረሰ። «ለሙዚቃ የተሠራ» ኤስኤስዲ (የፋይል ማስቀመጫ)? ተዉኝ እባካችሁ። የስፒከር ገመድ ርቀቱ ከረዘመ ወፈር ያለ መዳብ ይሁን፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ይልቅ የኮምፒውተራችሁን ፋን አቧራ አራግፉለትና ዴስክቶፕ ከሆነ ወደ ጠረጴዛው ሥር አውርዱት። ያኔ በዘፈኑ ውስጥ ዝግ ያሉት ቦታዎች መሰማት ይጀምራሉ።

አሁን የቀረኝ ሰብዉፈር፣ ማለትም ባሱን ብቻ የሚያወጣው ስፒከር ነው፣ ያለፈው ሳምንት መጣ። ቦታውን ለማግኘት የታወቀ ዘዴ አለ፦ ሰብዉፈሩን እናንተ የምትቀመጡበት ወንበር ላይ ታስቀምጡታላችሁ፣ ባስ ያለው ዘፈን ትከፍታላችሁ፣ ከዚያ እናንተ መሬት ላይ እየዳሃችሁ ባሱ ያልተጋነነበትንና ያልጠፋበትን ቦታ በጆሮ ትፈልጋላችሁ። ያገኛችሁት ቦታ የሰብዉፈሩ ቦታ ነው። በአራት እግሬ ክፍሉን ስዞር ባለቤቴ በሩን ከፈተች።

«ምን ጠፋብህ?»

«ባስ።»

ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሳጥን አየች፣ እኔን አየች፣ በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ሄደች። ባሱን አገኘሁት፤ የእሷ ቁምሳጥን የቆመበት ቦታ ነው። እስካሁን አልነገርኳትም።