በጂንካ የተማርኩት አገልግሎት

ወንጌልን ለማገልገል ወደ ደቡብ ኦሞ፣ ጂንካ አካባቢ ስሄድ በልቤ የነበረው የማስተምረው እንጂ የምማረው አልነበረም። አብሬአቸው የተመደብኩት አረጋዊ የወላይታ ወንጌላዊ ግን ማለዳ ከጸለዩ በኋላ ቢጫ ጀሪካናቸውን አንሥተው ለታመመች ጎረቤታቸው ውሃ ይቀዱ ነበር፤ እኔ ስብከቴን ሳዘጋጅ እርሳቸው እጀታው ያሰነበረውን መዳፋቸውን እያሻሹ ይመለሳሉ። አንድ ቀን «ጋሼ፣ እኔ ልቅዳልዎ» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ጌታ ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ እግር ያጠበው እኮ ሌላ የሚያጥብ ሰው አጥቶ አይደለም» አሉኝ።

እርሳቸው የተገኙባት ቤተ ክርስቲያን ታሪክም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ወላይታ የገቡት የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሚስዮናውያን በጣሊያን ወረራ ምክንያት በ1937 ሲወጡ ትተው የሄዱት በጣት የሚቆጠሩ ምእመናንን ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ግን ብዙ ሺህ ሆነው አገኟቸው። ያን ሁሉ ዘመን ወንጌሉን ከመንደር ወደ መንደር በእግራቸው ያደረሱት አብዛኞቹ ገበሬዎች ናቸው።

ቶሎ መቆጣት ዛሬም ይታገለኛል፤ «በክርስቶስ ኢየሱስ የነበረ አሳብ በእናንተም ይሁን» የሚለውን ቃል ስጸልየው የሚታየኝ ግን ያ የሰነበረ መዳፍ ነው። ጋሼ ያን በነገሩኝ ማግስት ጀሪካኑን ቀድሜአቸው አነሣሁ።