ማንም ያልለካው አጥንት

ታካሚዋ በግራ በኩል ጉሮሮዋን እሾህ የወጋት ያህል ይሰማታል። ስትውጥ ሕመሙ ወደ ጆሮዋ ይወጣል፤ አንገቷን ስታዞር ጭንቅላቷን ሳይቀር ይወጋታል። በ3 ዓመት ውስጥ ለቶንሲል አንቲባዮቲክ፣ ለማይግሬን ክኒን ወስዳለች፤ ጤነኛ የመንጋጋ ጥርሷ ሳይቀር ተነቅሏል። የአንገት ሲቲ ስካኗም “ችግር የለም” ይላል።

ነገሩ የተገኘው በጣት ነው። ሐኪሙ ጓንት አጥልቆ ቶንሲሉ ያለበትን ጎድጓዳ ሲዳስስ፣ የእርሳስ ጫፍ የመሰለ ጠጣር ነገር ነካ። ጫን ሲለው እጁን ጭብጥ አድርጋ ያዘችው፤ ጣቱ ከአፏ እንደወጣ “እሱ ነው! እሱ ነው!” አለች። የነካው ስታይሎይድን ነው፤ ይህም ከጆሮ ሥር ከራስ ቅል ወደ ታች የሚወርድ መርፌ መሰል ቀጭን አጥንት ነው። ጤናማ ስታይሎይድ እዚያ አይዳሰስም። በቦታው 1 ሚሊ ሊትር ባለ 2 በመቶ ሊዶኬይን (ማደንዘዣ) ሲወጋ ሕመሙ በደቂቃዎች ውስጥ ለቀቃት። ትልቁ የደም ቧንቧ አጠገቡ ስለሆነ፣ መድኃኒቱ ከመገፋቱ በፊት ደም አለመምጣቱን ስቦ ማየት ግድ ነው።

ያው ሲቲ እንደገና ተከፍቶ ሲለካ አጥንቱ 4.2 ሴንቲ ሜትር ሆነ። የተለመደው 2.5 ገደማ ሲሆን ከ3 ካለፈ ረጅም ይባላል። ሕመሙ የረዘመው አጥንት አጠገቡ ያለውን የጉሮሮ ነርቭ ሲወጋ የሚመጣው ኢግል ሲንድረም ነው፤ ስሙም እ.ኤ.አ. በ1937 ስለ እሱ ከጻፈው ከአሜሪካዊው የአንገት በላይ ሐኪም ዋት ኢግል የመጣ ነው። ለምን አለፋቸው? አጥንቱ ወደ ታችና ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ስለሚወርድ፣ በአግድም በተቆረጠው ምስል ላይ ነጭ ነጥብ ብቻ ይመስላል። በመጠየቂያው ወረቀት ላይ “የስታይሎይድ ርዝመት በ3ዲ ይለካ” ተብሎ ካልተጻፈ ራዲዮሎጂስቱ የሚለካበት ምክንያት የለውም። ርዝመቱ ብቻውን ግን በሽታ አይደለም፤ ረጅም አጥንት ይዘው ምንም የማያማቸው ብዙዎች ናቸው። በምስል ብቻ ወደ ቀዶ ሕክምና መሮጥ ትልቅ ስሕተት ነው።

ጋባፔንቲን የተባለው የነርቭ ሕመም መድኃኒትና የስቴሮይድ መርፌ ለጊዜው ቢያስታግሷትም ሕመሙ ተመለሰ፤ ስለዚህ አጥንቱ በአፍ በኩል ተቆረጠ። ይህ መንገድ በአንገት ላይ ጠባሳ አይተውም፤ ነገር ግን እይታው ጠባብ ነው፣ ደም ከፈሰሰ ለማቆም ያስቸግራል፣ የአፍ ጀርምም ወደ አንገት ውስጥ ሊገባ ይችላል። በአንገት በኩል ሲገባ ቧንቧዎቹ በግልጽ ይታያሉ፤ እዚያ የሚያሰጋው የታችኛውን ከንፈር የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ነው። በየትኛውም መንገድ አጥንቱ ተሰብሮ ብቻ የሚተው አይደለም፤ ስብርባሪው እዚያው ተንጠልጥሎ የጉሮሮውን ነርቭ መውጋቱን ይቀጥላልና። መጀመሪያ ሽፋኑና ጅማቱ ይላቀቃል፣ ከዚያ ተቆርጦ ይወጣል። ለ3 ዓመት የተቆጣ ነርቭ ባንዴ ስለማይረጋጋ፣ ጋባፔንቲኑ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው የቆመው።